የቀኝ የፊት ጎማ

ሙአዝ መኪናዬን ይዞ ለአርባ ደቂቃ የጠፋው ጥር ሦስት ቀን 2071 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማውቀው ጽፌ ስለያዝኩት ነው። የሄደውን ኪሎ ሜትርም ጽፌያለሁ፤ ሰባት ነጥብ ሁለት። ልሞክረው ብሎ የወጣው እስከ ሳቢያን ነበር፤ ሳቢያን ደርሶ መመለስ ደግሞ ከአራት አይበልጥም።

እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ወንበሮቹ ተሳፋሪውን ራሳቸው ማወቅ ሲጀምሩ በጡረታ የተሸኘሁት የመጨረሻው ሰው ነኝ። ተቆጣጣሪ ፊት አያይም፣ እጅ ነው የሚያየው። ቲኬት የሌለው ሰው አፉ ሲምል እጁ ሥራ ይፈልጋል። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር" ሲባል ሌላው ሰው ይስቃል፤ እኔ ልጆች ያሳደግኩበት ሙያ ነው።

መኪናው አራት መቶ አራት ፔጆ ነው። አባቴ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ታክሲ ሠርቶበታል። በ2029 ዓ.ም. የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርድ እንቅልፍ ጣለውና ከቋጥኝ ጋር ተላተመ። አባቴ ሞተ፣ መኪናው የቀኝ የፊት ጎኑ ተጨራምቶ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ አርባ ሁለት ዓመት ከዚራ ያለው ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ባለቤቴ ኤልዳና ወደ ኩሽና ስትሄድ በፊቱ አታልፍም፣ በኋላው ዞራ ነው።

ለምን ላድሰው እንደፈለግኩ ቢጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው። መሪ ስላለው። አሁን ያሉት መኪኖች መሪ የላቸውም። ገብተህ ስትቀመጥ የት እንደምትሄድ ትናገራለህ፣ ቀጥሎ "ለምን ጉዳይ?" ይልሃል፣ ትመልሳለህ። ለቅሶ ካልክ የሟቹን ስም ይጠይቃል። ሰርግ ካልክ ከየትኛው ወገን እንደሆንክ። የድሬ ሰው እንደምታውቁት ወሬ ካላወራ አይውልም፤ ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ወሬውን የመኪናው በር ላይ ቆሞ ይጨርስና ሲገባ ስለ ሙቀቱ ብቻ ያወራል። ቢያንስ አርባ ዓመት የተጋቡ ባልና ሚስት "ዛሬስ ሙቀቱ ይነዳል" እየተባባሉ ከታይዋን ገበያ ሳቢያን ሲደርሱ አይቻለሁ። እኔ ባለፈው ዓመት ሐረር ያለችውን እህቴን ለማየት ስወጣ፣ ለምን ጉዳይ ሲለኝ፣ ናፍቆት ብዬ መለስኩ። መኪናው ናፍቆት ከጉዳዮች ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ በትሕትና ነግሮኝ በሩን ከፈተና እስክወርድ ጠበቀኝ።

መሪ ያለው መኪና እንዲይዙ የሚፈቀድላቸው የቅርስ ታርጋ ያላቸው ብቻ ናቸው። ታርጋውን ለማግኘት የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ የተፈቀደው የኤሌክትሪክ ሞተር ይገባል፣ መኪናው ዘጠና ቀን ይፈተናል። በዘጠናው ቀን አንድ ነውር ከተመዘገበበት ወደ መጨፍለቂያው ይሄዳል። ይህን ሥራ የሚሠራው ደግሞ የእጅ ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ ማለትም የመኪና ኮፈን በገዛ እጁ እንዲከፍት የተፈቀደለት። በድሬዳዋ አንድ ነው ያለው፣ ሙአዝ። አብረን ፊደል ቆጥረን፣ አብረን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ተጫውተን ያደግን ነን። ሞተር ገጣሚው ለሚገጥመው መኪና ዋስ ይሆናል፤ መኪናው ላይ ነውር ቢገኝና ጥፋቱ የሱ ከሆነ መኪናው ይተርፋል፣ የሱ ፈቃድ ግን ይነሳል። ሙአዝ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከብረት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ዋስትናውን ሲፈርም አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም፣ ወረቀቱንም አላነበበውም። ያን ዕለት ይህ ነገር ራሱ ጥርጣሬ ጫረብኝ፣ ሰው እንዴት ሳያነብ ይፈርማል ብዬ።

ሥራው ሰባት ወር ፈጀ። አሮጌውን ሞተር በሰንሰለት ሰቅሎ ሲያወጣው ከሥሩ የደረቀ የአይጥ ጎጆና አባቴ የጣለው አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ወጣ። ሞተሩን እንደ ደንቡ ለመንገድ ሰላም ጽሕፈት ቤት አስረከብን። ሁለት ሰዎች አፍንጫቸውን ሸፍነው መጥተው በፕላስቲክ ጠቅልለው ወሰዱት። በምትኩ የሰጡን አዲሱ ሞተር የጀሪካን ያህል ብቻ ነው፤ ኮፈኑ ሥር ሲቀመጥ ዕቃ የወጣለት ቤት መሰለ። የአዲሱ ሞተር ብሎኖች ከአሮጌው የማርሽ ካምቢዮ ጋር አንዳቸውም አልገጠሙም። ካምቢዮውን ቀይሩት የሚሉ ነበሩ። ሙአዝ ግን ማርሹ ከወጣ መኪናው ምኑ ቀረ ብሎ ከድሮው ሃዲድ የተረፈ ወፍራም ብረት ፈለገና ክብ ቆርጦ፣ እየሞረደ፣ በመካከላቸው የሚገባ ማገናኛ ሠራላቸው። አሥራ አንድ ጊዜ አልገባም አለው። በአሥራ ሁለተኛው ጠቅ ብሎ ሲገባ እኔም እሱም መሬት ላይ ተቀመጥን። እኔ ደግሞ ወንበሩን በቀይ ቆዳ አሰፋሁ፣ ቀለሙን እንደ ድሮው ሰማያዊና ነጭ አስቀባሁ፣ የተጨራመተውን ጎኑን አስቀጠቀጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሰባት ወር የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚመጣ ግራጫ ሳጥን አለ። በወረቀት ላይ ስሙ ረጅም ነው፤ ሕዝቡ ምስክር ይለዋል። የእጅ ፈቃድ ያለውም ሰው ይገጥመዋል እንጂ አይከፍተውም። ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚሰማ፣ ምን እንደሚያሸት በትክክል የሚያውቅ የለም። ሙአዝ ብሎኖቹን ሲያጠብቅ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ መኪናው አጠገብ ስንሆን ዝም እንል ጀመር።

በኤልዳናና በእኔ መካከል አንድ ጠብ ብቻ ነበር። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ጠቦት ይታረድለት፣ ጎማውም ደሙን ይርገጥ አለች። የሰው ደም የቀመሰ መኪና ሌላ ደም ካልተሰጠው አይጠግብም ባይ ነች። እኔ ተቆጣሁ። አባቴ በዚያው በሞተበት ወር ሙክት አርዶለት ነበር፣ ምን ጠቀመው? በቤቴ ይህ ነገር ሁለተኛ እንዳይነሳ አልኳት። አላነሳችውም። ኤልዳና አንድን ነገር ዳግመኛ ሳታነሳ ስትቀር ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር።

እንግዲህ ጥር ሦስት ደረሰ። ሙአዝ አርባ ደቂቃ ቆይቶ ተመለሰ። መኪናው ድምፅ የለውም፤ በሩ ላይ ሲቆም ነው ያየሁት። ዞር ዞር ብዬ ስመለከተው ሦስቱ ጎማዎች አቧራ ለብሰዋል፣ የቀኝ የፊቱ ብቻ ታጥቦ ውሃ ያንጠባጥባል። የት ደረስክ ብዬ ጠየቅኩት። ሞከርኩት፣ ማርሹ ቅቤ ነው አለኝ። ጎማውን አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጻፍኩት ብቻ።

ከዚያ በኋላ ትናንሽ ነገሮች ይታዩኝ ጀመር። ሙአዝ ቤት ሲመጣ እሱና ኤልዳና ጓዳ በር ላይ ዝግ ብለው ያወራሉ፣ እኔ ስገባ ወሬው ወደ ሙቀቱ ይዞራል። በቤቴ፣ በራሴ ጓዳ፣ መኪና ውስጥ እንዳለ ሰው ስለ ሙቀት! ዕድሜያችንን አስቤ ሳቅኩ። ሳቄ ግን እስከ ማታ አልዘለቀም። በደቻቱ ዳር ከሰል የሚሸጡት ደንቆሮ ሽማግሌም ከተለመደው ቦታቸው መጥፋታቸውን በዚያው ሰሞን አስተዋልኩ። ሰው ጠየቅኩ፣ ማንም አያውቅም።

ጥር ሃያ ሁለት ደብዳቤው ደረሰኝ። "ጥር 3 ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ19 ደቂቃ በተጠቀሰው ተሽከርካሪ የቀኝ የፊት ጎማ ላይ ትኩስ ደም ተመዝግቧል። ባለቤቱ በሰባት ቀን ውስጥ ቀርቦ ቃሉን ይስጥ።" ሌላ ምንም የለውም።

ደም ሲል መጀመሪያ ያሰብኩት ኤልዳናንና ይታረድ ያለችውን ጠቦት ነው። ቆም ብዬ አሰላሁት። ጠቦት ከታረደ ሥጋ አለ። ኤልዳና ደግሞ አጥንት እንኳ የማትጥል ሴት ናት፤ ከአንድ በግ የሁለት ሳምንት ቋንጣ ታወጣለች። ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ፣ ጓዳውን አየሁ፣ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ነገር ፈለግኩ። ምስርና ጎመን እንጂ ሥጋ የለም፤ ጥር ሦስትን ተከትሎ ባለው ሳምንት ቤታችን ሥጋ እንዳልገባም ትዝ አለኝ። ስለዚህ ያን ሐሳብ ዘጋሁት። የቀሩኝ ድምፅ የሌለው መኪናና ከቦታቸው የጠፉት ጆሯቸው የማይሰማ ሽማግሌ ናቸው። ደብዳቤውን ላሳያት ይገባ ነበር። ግን ከሙአዝ ጋር የሚያንሾካሹኩት ነገር ሆዴ ውስጥ ነበርና አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

በማግስቱ ጋራዡ ሄድኩ። ሙአዝ ብቻውን ነበር። ቁጭ እንኳ አላልኩም።

"ጥር ሦስት የት ነበርክ?"

"ልሞክረው ሄድኩ አልኩህ እኮ አቦ።"

"ሰባት ኪሎ ሜትር? ጎማውንስ ለምን አጠብከው?"

እጁ ጨርቅ ፈለገ። ጨርቁን አነሳ፣ ያልቆሸሸ ጣቱን ይጠርግ ጀመር። ደብዳቤውን አወጣሁና ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ወደ ግቢዬ አቅጣጫ አየና መልሶ እኔን አየኝ።

"ባሮክ፣ ሰው አልነካሁም። ወላሂ አልነካሁም። የት እንደነበርኩ ግን ከኔ አትሰማም።"

"ለምን?"

"አማና ነው። ለሰው ቃል ገብቻለሁ። ትንሽ ቀን ስጠኝ፣ የጉዳዩ ባለቤት ራሱ ይነግርሃል።"

"ማን ነው ባለቤቱ?"

ዓይኑን ወደ ደብዳቤው መለሰ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቲኬቴ ሌላ ሰው ጋ ነው፣ ትንሽ ጠብቀኝ ያለኝን ተሳፋሪ ቁጥር አላውቀውም። ከመካከላቸው ሦስቱ እውነታቸውን ነበር። ሦስት ከስንት ሺህ። ደብዳቤውን ከእጁ ወስጄ ወጣሁ።

በኋላ እንደሰማሁት ሙአዝ በዚያኑ ቀን ኤልዳናን ሊያገኝ ሞክሯል። ኤልዳና የለችም ነበር፤ ልጃችን ወልዳ አዲስ አበባ አራስ ልትጠይቅ በዚያው ማለዳ ሄዳለች። በስልክ እንዳይነግራት ደግሞ ስልክም እንደ መኪናው ጆሮ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። እንድትመለስ መጠበቅ ነበረበት።

እኔ አልጠበቅኩም። ጽሕፈት ቤቱ ስሄድ የተቀበለችኝ ሲፈን የምትባል ወጣት ኃላፊ ናት። ትሑት ልጅ ነች፤ ወንበር ስባ ሰጠችኝ። ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረችኝ። ደሙ ከየት እንደመጣ ካላወቅኩ አላውቅም ብዬ እፈርማለሁ፣ መኪናው እነሱ ግቢ ሦስት ቀን ይቆያል፣ ደሙ ይመረመራል። ካወቅኩ ደግሞ የማውቀውን እናገራለሁ፣ መኪናውም ከእኔ ጋር ይቆያል።

ሦስት ቀን! እዚህ አገር ሦስት ቀን ተብሎ ሦስት ቀን የሆነ ነገር አይቼ አላውቅም። የአሮጌ ሞተሬን ደረሰኝ በሦስት ቀን ይደርስዎታል ብለውኝ ስምንተኛ ወሩን ይዟል። መኪናውን ሊወስዱት ነው፣ አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ሦስት ቀን የምትለኝ ዝም ብዬ እንዳስረክብ ነው ብዬ አሰብኩ። የልጅቱ ትሕትና ራሱ አልጥም አለኝ። የሰባት ወር ድካሜ፣ ቀይ ወንበሩ፣ ማንም ለምን ሳይለኝ የምሄድበት የሐረር መንገድ ዓይኔ ላይ መጣ።

"በዚያ ሰዓት መኪናው እኔ ጋ አልነበረም" አልኳት።

"ማን ጋ ነበር ጋሽ ባሮክ?"

"ገጣሚው ጋ። ብቻውን ነበር። የት እንደሄደ ብጠይቀውም አልነገረኝም። ጎማውንም አጥቦ ነው የመለሰው።"

ጻፈችው። አነበበችልኝ። አንድም የተጨመረ ቃል የለበትም። ፈረምኩ። ስወጣ እንኳን ደስ ያለዎት አለችኝ፤ ጥፋቱ ከባለቤቱ ላይ ስለተነሳ ፈተናው እንዳለፈ ተቆጥሮ ታርጋው በሳምንቱ እንደሚደርሰኝ ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፣ ደስ ብሎኝ ነው እየተራመድኩ ቤቴ የገባሁት።

የሙአዝ መሣሪያ ሳጥን መዳፉን ሲያስቀምጥበት ይከፈታል። ጥር ሃያ ስምንት ጠዋት መዳፉን አስቀመጠ፣ ሳጥኑ አልተከፈተም። እጁን አጠበና ደገመው። በጨርቅ አድርቆ ሦስተኛ ሞከረ። ጎረቤቱ ጎማ ጠጋኝ ነው የነገረኝ፤ እስከ ቀትር ድረስ አጠገቡ ተቀምጦ አልፎ አልፎ መዳፉን እያሳረፈበት ነበር አለኝ። ደብዳቤው የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው።

ኤልዳና የመጣችው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ታርጋው ተለጥፎ አየችና ዓይኗ በራ። ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪናው ፊት አልፋ ኮፈኑን በመዳፏ ነካችው። ከዚያ ሙአዝን ለምሳ ጥራው እንጂ አለች። የሆነውን ነገርኳት። እየነገርኳት ፊቷን አየሁ፣ እዚያው ጎማውን በደገፈው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

"የበግ ደም ነው" አለችኝ።

"ምን?"

"እኔ ነኝ። በጉን እኔ ገዛሁ። ሙአዝ መኪናውን ደቻቱ ድረስ አመጣልኝ፣ አርዶ ጎማውን አስረገጠልኝ። ለባሮክ ትንፍሽ እንዳትል ብዬ አስማልኩት።"

"ሥጋውስ?" አልኳት። ይህ ነው ከአፌ የወጣው። ሰው ከእንጀራው ተነቅሎ እኔ ስለ ሥጋ ጠየቅኩ፤ ስሌቴ የት ጋ እንደተሳሳተ ማወቅ ፈልጌ ነው።

"ሙስሊም ያረደውን ቤቴ ላስገባ ኖሯል? እዚያው ላሉ ነዳያን አደልነው። እሱም ሰደቃ ይሆንልኛል ብሎ ደስ አለው።" ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "የኛን አራጅ ብጠራ በማግስቱ ትሰማ ነበር። ሌላ ማንን ላምን?"

ሁሉም ነገር ዓይኔ ፊት ነበር ያለው። በዚህ ከተማ ስድሳ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ፤ በዓል በመጣ ቁጥር እኔና ሙአዝ በየወጣችን ሥጋ ሳንቀማመስ በአንድ ገበታ ተቀምጠን ለየብቻ ስንበላ ኖረናል። የማይገባኝ ነገር አልነበረም። ሥጋ ስፈልግ የኔን ሥጋ ብቻ ፈለግኩ። ከሰል ሻጩ ሽማግሌም በማግስቱ ቦታቸው ላይ ተገኙ፤ ኤረር ከተማ ያለችው ልጄ ጋ ነበርኩ አሉኝ በምልክት።

ሰኞ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ሙአዝ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ምንጣፍ ዘረጋችልን፣ ቀዝቃዛ ውሃና ቴምር አቀረበች። ሽማግሌዎቹ ረጅም ተናገሩ፤ እኔም ጥፋቴን ሳልደብቅ ተናገርኩ። ሙአዝ አቋርጦኝ አያውቅም፣ ያኔም አላቋረጠኝም። ስጨርስ "አውፍ ብያለሁ" አለ፣ "ይቅር ብያለሁ፣ ሰምታችኋል።" እንደዚያ በፍጥነት ይቅር ይለኛል ብዬ አልገመትኩም። ስለ ፈቃዱ አንድ ቃል አላነሳም። ስንወጣ እስከ በሩ ሸኘን። ቤቴ ገብቼ ይቅር አለኝ ስላት፣ ኤልዳና ይቅርታው ሳጥን አይከፍትም አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ጽሕፈት ቤቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሲፈን እንደ በፊቱ ወንበር ሰጠችኝ። የበግ ደም ነው አልኳት፤ መርምሩት።

"አልተመረመረም ጋሽ ባሮክ። የባለቤቱ ቃል ስለተገኘ ምርመራ አላስፈለገም። ናሙናው ተወግዷል።"

"መጀመሪያውኑ አላውቅም ብልስ ኖሮ?"

ማሽኗን ከፍታ አየች። የልቧን ቅንነት አሁን አምናለሁ፤ ያኔም ማመን ነበረብኝ። "በሦስተኛው ቀን የእንስሳ ተብሎ ይዘጋ ነበር" አለችኝ። "በዓል ሲሆን በሳምንት ሠላሳ አርባ ይመጣል። ምስክሩ ደም ብቻ ነው የሚለው፤ ማንንም አይከስም።"

ቃሌን ባነሳ ምን እንደሚሆን ጠየቅኳት። የሙአዝ ፈቃድ በዚያው ቀን ይመለሳል። እኔ ግን ሐሰተኛ ቃል እንደሰጠሁ ስለሚቆጠር ነውሩ ወደ ባለቤቱ ይዞራል፤ መኪናው ይጨፈለቃል፣ መሪ የመያዝ ፈቃድም ዳግመኛ አላገኝም። እስከ ዓርብ ያስቡበት አለችኝ።

አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። እዚህ ላይ ቶሎ ወሰንኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሦስቱን ቀን መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት። ሙአዝ ይቅር ብሎኛል፣ ሌላ ሥራ አያጣም፣ ልጆቹ ይረዱታል፣ ዕድሜውም ገፍቷል እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። እኔስ ዕድሜዬ አልገፋም? ሐረር ያለችው እህቴስ? አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደንገጎን አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቼ ልመለስና ከዚያ ቃሌን ላንሳ ብዬ ቁልፉን ሁሉ አዙሬ ነበር። መኪናው ፀጥ ብሎ ተነሳ። ማርሹን ሳስገባ እጄ ሥር ያ ማገናኛ ብረት ሲይዝ ተሰማኝ። ማርሹን መልሼ አወጣሁና ቁልፉን አጠፋሁ። ዓርብ ጠዋት ሄጄ ቃሌን አነሳሁ። አሁንም ስጽፈው ያመኛል።

ለመጨፍለቂያው የተቆረጠው ቀን ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት ሞተሩና ግራጫው ሳጥን ፈቃድ ባለው እጅ ወጥተው መቅረብ አለባቸው። ድሬዳዋ ውስጥ ያ እጅ አንድ ነው።

ሙአዝ ረቡዕ ማለዳ የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ ግቢያችን መጣ። ለኤልዳና ሰላምታ ሰጠ፣ ለእኔም ሰጠ። መዳፉን አስቀመጠ፣ ተከፈተ። ኮፈኑን አንስቶ ሥራ ጀመረ። ላግዝህ አልኩት፤ አይ ደህና ነኝ አለ። ሰባት ወር የፈጀውን በሦስት ሰዓት ፈታው። ሞተሩን አወጣ፣ ሽቦዎቹን ጠቀለለ፣ ምስክሩን ነቅሎ በጨርቅ አስቀመጠው። ያን ክብ ብረት ሲያወጣው ትንሽ ያየዋል ብዬ ጠበቅኩ። ከሌሎቹ ጋር መሬት ላይ አስቀመጠው። ውሃ ስሰጠው ጠጣ፣ አመሰገነኝ።

በመጨረሻ እጁን ታጥቦ ወረቀት አወጣ። የወጣው ዕቃ ዝርዝር ነው፣ ሁለት ቅጂ፤ ባለቤቱ መረከቡን ይፈርማል። እኔ ለደቂቃ እንኳ ሳላየው ከታች ፈረምኩና መለስኩለት። በምን ቋንቋ ልንገረው ሌላ? ዓይኔን ጨፍኜ አምንሃለሁ ማለቴ ነበር።

አልተቀበለኝም።

"አላነበብከውም" አለኝ።

"አንተ የጻፍከውን ምን አነባለሁ?"

"አንብበው አቦ። ነገ ይህን አልፈረምኩም ብትልስ?" ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ሙአዝ እንዲህ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። "ጮክ ብለህ አንብበው። ኤልዳናን ጥራና እሷም ትስማ።"

ኤልዳናን ጠራኋት። መነጽሬን አምጥታልኝ አጠገባችን ቆመች። ፀሐዩ ላይ ቆሜ አነበብኩ። ሞተር አንድ፣ ግራጫ ሳጥን አንድ፣ ብሎን ሃያ አራት፣ የብረት ማገናኛ አንድ። እያንዳንዱን ስጠራ ሙአዝ ጎንበስ ብሎ ዕቃውን ይነካና እንድቀጥል ይጠብቃል። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ስጨርስ እንደገና እንድፈርም ወረቀቱን ዘረጋልኝ፤ ፈረምኩ።

አንዱን ቅጂ አራት ላይ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ሌላው የእኔ ነበር። ለእኔ አልሰጠኝም፤ ለኤልዳና ሰጣት፣ ደህና ቦታ አስቀምጪው ብሎ።